ቁልፍ በአንድ ፓውንድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐናን ለፈተና ስትዘጋጅ የወጥ ቤታችንን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ይዛው ነበር። ቢዝነስ ነው የምታጠናው። ዌምብሊ ካሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ያለችው ቤታችን ወጥ ቤቷና ሳሎኗ አንድ ስለሆኑ፣ እሷ ስታጠና እኔ ሽንኩርት የምከትፈው ትንፋሼን ውጬ ነው። «እማ፣ ቴስት አድርጊኝ» አለችኝና በእጇ የጻፈቻቸውን ካርዶች ሰጠችኝ። እኔ ቃሉን አነባለሁ፣ እሷ ትርጉሙን ትነግረኛለች።

«ካፒታል» አልኳት። መለሰች። «ፕሮፊት» አልኳት። መለሰች። «ላያቢሊቲ» ስላት ትንሽ አሰበችና መለሰች። ቀጥሎ የመጣውን ሳነብ ድምፄ ተለወጠ መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉድዊል።»

«ኦ፣ እሱ ኢዚ ነው። ላይክ፣ የቢዝነሱ ስም፣ ከስተመሮቹ፣ ሰዉ የሚያምነው ነገር። አይታይም፣ ግን ይሸጣል።»

ካርዶቹን አስቀመጥኩና ሄጄ የታጠበ ድስት እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። «ምን አልኩ?» ትላለች ከኋላዬ። ምንም አላልሽም አልኳት። እውነቴን ነው፣ እሷ ምንም አላለችም። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ቃል እንዲህ ይቀሰቀሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ልጄ ለፈተና በአንድ ትንፋሽ የምታወጣውን ትርጉም፣ አንድ ሰው ለአንዲት ሴት በትክክል ቢነግራቸው ኖሮ ዕድሜያቸው ሌላ ይሆን ነበር። ያ ሰው ትርጉሙን አጥቶት አይደለም። የምቆጣው ለዚህ ነው።

ሎንዶን ስገባ ገና ሀያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች በሚታሸግበት ፋብሪካ ገባሁ። ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ጓንት ላይ ጓንት ደርበሽም ጣትሽ የራስሽ አይመስልሽም። ከዚያ ያወጡኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሃርልስደን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፀጉር ቤትና በስልክ ካርድ መሸጫ መሃል የተሰነቀረች ምግብ ቤት ነበረቻቸው። አንድ ቀን ፉል ልበላ ገብቼ ሳህኑን በሁለት እጄ አቅፌ ስሞቅበት አዩኝ። «የት ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሰኞ እዚህ ነይ» አሉኝ። የሥራ ቃለ መጠይቄ ይኸው ነበር።

እትዬ ዘሃራ የስልጤ ልጅ ሆነው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያደጉ ሴት ናቸው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ አስረው የሚሠሩ፤ ሲስቁ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ምግብ ቤቷ ከጠዋት ጀምሮ ትሞላለች። ታክሲ ነጂዎች፣ የ18 ቁጥር አውቶቡስ ሾፌሮች፣ ከፓርክ ሮያል ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ሰዎች፣ ሁሉም እዚያ ነው። የክርስቲያኖቹ ጾም ሲገባ ቅቤ ያልነካው የፉል ድስት ለብቻው ይጣዳል፤ እትዬ ማንኪያው እንዳይቀላቀል እንደ ዘበኛ ይጠብቁታል።

ሰው የሚመጣው ግን ለፉሉ ብቻ አልነበረም። ለዳጣው ነው። ቃሪያውን ዌምብሊ ካሉት የሕንድ ሱቆች ራሳቸው እያሸተቱ ይመርጣሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ይገባበታል፤ ኮሰረቱ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ይመጣል። ሲፈጭ ፀጉር ቤት ያሉት ሰዎች ሁሉ ያነጥሳሉ። በትንንሽ ጠርሙስ አድርገው ይሸጡት ነበር፤ ከዚያች ምግብ ቤት ሆድ ብቻ ሞልቶ የሚወጣ ሰው አልነበረም፣ ኪሱም ጠርሙስ ይዞ ይወጣል። «የዘሃራ ዳጣ» ሲባል በርሚንግሃም ድረስ ያውቁታል።

እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ኮሌጅ እሄድ ነበር፤ የሒሳብ አያያዝ እማራለሁ። በማግስቱ ሽንኩርት እየላጥን እትዬ ይጠይቁኛል።

«ትናንት ደግሞ ምን አስተማሩሽ?»

«አሴትና ላያቢሊቲ።»

«በሰው ቋንቋ።»

«ያለኝና ያለብኝ ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ይሄን ለማወቅ ነው በዚያ ብርድ የምትሄጂው?» ብለው ሳቁብኝ። ግን ደስ ይላቸው ነበር። ተርንኦቨርና ፕሮፊት፣ የተሸጠውና የተረፈው፣ እንደሚለያዩ ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «አባቴ መሳቢያው ሲሞላ የሚደሰት ነጋዴ ሞኝ ነው ይል ነበር። መጀመሪያ ዋናህን መልሰህ አስቀምጥ፣ የተረፈው ነው ያንተ።» ዲፕሪሲዬሽን የምትባለዋን ደግሞ፣ ፍሪጁ በየዓመቱ እያረጀ ዋጋው ይቀንሳል ማለት ነው ብዬ ሳስረዳቸው፣ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉና «እንደዚህ ማለት ነዋ» አሉኝ። ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ሐኪሙ መቆም ይቀንሱ ብሏቸዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሙስጠፋ የሚመጣው። ፊት ለፊት ሳገኘው «ጋሽ ሙስጠፋ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ አስተዳደጌ ነው። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው። ሰው ሁሉ እንደሚያከብረው አውቃለሁ፣ እኔ ግን ከዚህ በላይ አልችልም።

ሙስጠፋ ፓርክ ሮያል ውስጥ መጋዘን ነበረው፤ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሻይ ቅጠል፣ ቴምር ያከፋፍላል። እሱም የመርካቶ ልጅ ነው። ምሳውን በየቀኑ እኛ ጋ ይበላል፣ እትዬን «እህቴ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሥጋውን ሲያወጡለት የእሱን ሳህን ደጋግመው ነበር የሚጭኑት። ጉልበታቸው ሲብስ «ሱቁን ለኔ ሽጪልኝና ዕረፊ» አላቸው።

«ሱቁን ልሽጥልህ» አሉት። «ዳጣዬን ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። እሱ ነው የሚያኖረኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

ያቺን ኢንሻአላህ ስንት ጊዜ እንዳኘኳት እኔ አውቃለሁ። እምቢ አላለም፣ እሺም አላለም። የአላህን ስም መሃል አስገብቶ አለፈው።

ውሉ የተፈረመው እዚያው ምግብ ቤት፣ የምሳ ሰው ከወጣ በኋላ ነው። ኅዳር ነበር፣ ገና ከሰዓት ላይ መንገዱ መጨላለም ጀምሯል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። እትዬ ከደንበኛ ጋር የሚያግባባ እንግሊዝኛ አላቸው እንጂ እንዲህ ያለ ወረቀት አያነቡም። ጠበቃ ይኑርዎት የሚል ነገር በወረቀቱ ላይ ነበረበት፤ እሱ ግን አስቀድሞ «ወንድምሽ እያለሁ ጠበቃ ምን ያደርግልሻል?» ብሏቸዋል። ወረቀቱን እያገላበጠ በአማርኛ ይነግራቸዋል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

«ይሄ ለዕቃው ነው፤ ለምድጃው፣ ለፍሪጁ፣ ለወንበሩ። ይሄ ለኪራይ ውሉ። ይሄ ደግሞ ጉድዊል ይላል።»

«ምንድነው እሱ?»

«በጎ ፈቃድ ማለት ነው። በበጎ ፈቃድ ነው የተለያየነው፣ ቅሬታ የለንም ማለት። ለወጉ አንድ ፓውንድ ተጽፎበታል።»

እትዬ ሳቁ። «ለበጎ ፈቃድማ ገንዘብ አልቀበልም!»

እሱም ሳቀ። ከኪሱ አንድ ፓውንድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እትዬ አንስተው ለኔ ሰጡኝ፣ «ለአውቶቡስሽ» ብለው። ፈረሙ። ዱዓ ተደረገ፣ ሻዩን ጠጣን። እኔም በዚያች ፓውንድ ተሳፍሬ ማታ ኮሌጅ ሄድኩ። ጉድዊል የሚባለው ትምህርት ላይ ገና አልደረስንም ነበር።

ብርዱ እንዳለፈ እትዬ ቤታቸው ሆነው ዳጣቸውን ጀመሩ። እኔ ጠርሙሶቹን ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳ ውስጥ ደርድሬ እየጎተትኩ ለሱቆች አደርሳለሁ። ሃርልስደን ያሉት ገዙ፣ ዌምብሊ ያሉትም ገዙ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ይፈጫሉ፤ እንዲህ ተመችቷቸው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉም የሚቀርበን ባለሱቅ፣ የሐረር ልጅ ነው፣ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ሰሚራ፣ ከዚህ በኋላ አላስገባም።»

«ለምን? ምን ሆነ?»

«ጋሽ ሙስጠፋ መጥቶ ነበር። የዘሃራ የሚለው ስም የኔ ነው፣ ከሌላ ሰው ብትገዙ ኮርት እወስዳችኋለሁ አለን። ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ?»

ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። አዲስ ጠርሙስ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ሻርፕ ያሰረች የማትታወቅ ሴት ሥዕል አለው፣ ከሥሩ «የዘሃራ ዳጣ» ይላል። አንዱን ገዝቼ መንገድ ላይ ከፈትኩት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያን ቦርሳ እየጎተትኩ ስመለስ፣ ጠርሙሶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ሲንቃጨሉ፣ ለእትዬ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ መንጋጋዬን አመመኝ።

በዚያው ሳምንት ነው አስተማሪያችን፣ ጃማይካዊት ናት፣ ጉድዊልን ያስተማረችን። «ሁለት ፀጉር ቤት አስቡ» አለች። «ወንበሩ አንድ ነው፣ መስተዋቱ አንድ ነው፣ ኪራዩ አንድ ነው። አንደኛው ለምንድነው በእጥፍ የሚሸጠው?» አንዱ ሰው ስላወቀው ነው አለ። ሌላዋ ሰው ስለሚያምነው ነው አለች። «እሱን ነው ጉድዊል የምንለው፤ ብዙ ጊዜ ከወንበሩም ከመስተዋቱም የሚበልጠው እሱ ነው» አለችን። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

በማግስቱ ለእትዬ እንዳለ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ቃሪያው እጃቸው ላይ ነው።

«ቆይ» አሉኝ። «ደንበኛው፣ ስሙ፣ የቦታው ገበያ?»

«አዎ።»

«ይሄማ ቁልፍ ነው!»

መርካቶ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚያ ሱቅ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ግድግዳው የቀበሌ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃውም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ግን ቦታው የለመደው ገበያ፣ ደንበኛው፣ የነጋዴው ስም ዋጋ አለው። እሱ ነው «ቁልፍ» ተብሎ የሚሸጠው። ውድ ነው፤ ሰው ለቁልፍ ብሎ ቤቱን ይሸጣል። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

እትዬ ቃሪያውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ቀስ ብለው፣ በሳሙና ሁለቴ። «ቁልፍ ብሎኝ ቢሆን» አሉ፣ «እንኳን በአንድ ፓውንድ፣ እንኳን ለሱ... እኔ ቁልፌን እሸጥ ነበር? ሙስጠፋ እኮ የመርካቶ ልጅ ነው።» ከዚያ ካፖርታቸውን ለበሱ።

ፓርክ ሮያል ያን ቀን አየሩ የብስኩት ሽታ ነበረው፤ ከአንዱ ፋብሪካ የሚወጣ ጣፋጭ ሽታ፣ ከከባድ መኪናዎቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ። ታክሲ እንያዝ ብላቸው እምቢ አሉኝ። «እየተናደድኩ ስሄድ አያመኝም» አሉ። እንደዚያ ቀን ፈጥነው ሲራመዱ አላየሁም።

መጋዘኑ ውስጥ የሩዝ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ጭነት የምታነሳዋ መኪና ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር ትጮሃለች። ሙስጠፋ ከመስተዋት ቢሮው እየሳቀ ወጣ። «እህቴ! ምነው ሳትደውይ?» ወንበር አስመጣ። አልተቀመጡም።

«ሙስጠፋ፣ ጉድዊል ምንድነው?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«እንደገና ንገረኝ።»

ወደ እኔ ተመለከተ። «ይቺ ልጅ ኮሌጅ ገባሁ ብላ...»

«እሷን ተዋት፣ እኔን እየኝ። አባትህ መርካቶ ያለውን ሱቅ ሲያስረክብ ለገዢው ምን ሸጠለት? ግድግዳው የቀበሌ ነበር። ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል። ምን ሸጠ?»

መኪናዋ ጮኸች፣ ዝም አለች።

«ቁልፍ ነው የሸጠው» አሉት። «ቃሉ ጠፍቶህ ነው በጎ ፈቃድ ያልከኝ?»

ፊቱ አንድ አፍታ ተለዋወጠ። እሱን አይቻለሁ፤ ማንም አላየሽም ሊለኝ አይችልም። ከዚያ ሸሚዙን አስተካክሎ እንደ ነጋዴ መናገር ጀመረ። «ዘሃራ፣ ቢዝነስ ነው። ሪስኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ብከስር ኪሳራዬን ትካፈዪኝ ነበር? ፈርመሻል። ትርጉም ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል።»

«ዋሽተዋቸዋል!» አልኩት። ድምፄ መጋዘኑን ሞላው፤ ጆንያ የሚያወርዱት ሰዎች ዞረው አዩን። «ቃሉን እያወቁ ዋሽተዋቸዋል!»

«አንቺ ትልልቅ ሰው ሲነጋገር ዝም በይ።»

ትርጉም ከሰው ሰው ይለያያል! እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይቺ አነጋገር ናት። ካወቀው ቃል ሸሽቶ፣ ያልሆነውን መርጦ፣ ያንን ደግሞ የትርጉም ልዩነት አለው።

አንዲት ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ ሴት ጋ ሄድን። ወረቀቱን አነበበችና፣ ዳጣ ሠርተው እንዳይሸጡ የሚከለክልም አለበት፣ ሥራ መከልከሉ የሚያከራክር ነው፣ ስሙ ግን ተሽጧል፣ ተዋሽቼ ነው ለማለት ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል አለችን። ሁለቱም የለንም። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። መስጊዱ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ሦስት አዛውንት ተቀመጡ፣ ለእሱም ለእሳቸውም ዕኩል ሻይ ቀረበ። ብዙ ተወራ፤ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ስደት፣ በፈረንጅ አገር ገመናን ስለ መሸፈን። በመጨረሻ «ስሙን ተይለት፣ ሥራሽን ይተውልሽ» አሉ። እትዬ የዘሃራን ስም ላይጠቀሙ፣ ያቺ ዘሃራ እኔ ነኝ ብለውም ለገዢ ላይናገሩ። ሽማግሌዎቹን አልጠላም፣ ግን አንዳንድ ሰው ማንኛውንም ነገር መሃል ለመሃል ከቆረጠው የፈረደ ይመስለዋል። የተሰረቀ በግ ለሁለት ቢከፈል ሌባው ግማሽ በግ አተረፈ እንጂ ምን ሆነ?

እትዬ እሺ አሉ፣ ቃል ሰጡ። ደረጃው ላይ እንባዬ እየመጣ «ለምን እሺ አሉ?» አልኳቸው።

«ልሥራ ወይስ ልከራከር? ለሁለቱም የሚሆን ጉልበት የለኝም።» ትንሽ ወረዱና ቆሙ። «ስምሽን ታውሺኛለሽ?»

«ምን?»

«ጠርሙሱ ስም ይፈልጋል። ያንቺን አውሺኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው «የሰሚራ ዳጣ» የወጣው። በሕይወቴ አንድ ማሰሮ ዳጣ በቅጡ ሠርቼ አላውቅም፣ ስሜ ግን ጠርሙስ ላይ ተለጠፈ። ሰው እየደወለ «እማማ ሰሚራን ፈልጌ ነበር» ይለኛል።

በደንበኞቹ ላይ ተስፋ ነበረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያበሏቸው፣ ገንዘብ ሲያጡ «ስታገኝ ታመጣለህ» ያሏቸው ሰዎች ናቸው። ቃሉን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም ብዬ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አሁን የሙስጠፋ ወደሆነው ምግብ ቤት በር ሄጄ ቆምኩ፤ የሚገባውን ሁሉ እያስቆምኩ ነገርኩት። አንዳንዱ በጣም አዘነ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለት ሳምንት ቀረ። ከዚያ ተመለሰ። አንዱን ታክሲ ነጂ፣ እትዬ ሲታመም ሾርባ ሠርተው ቤቱ ድረስ የላኩለትን ሰው፣ ስጠይቀው ምን አለኝ? «እውነትሽን ነው ሰሚራ፣ ግን ፓርኪንግ አለው።»

በጋ ሲገባ ዌምብሊ፣ ስታዲየሙ አጠገብ፣ በየእሁዱ የሚቆም ገበያ ላይ ጠረጴዛ ያዝን። ፀሐይ ነበር፤ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ ሻንጣ ሻጩ ይጮሃል። አንዲት ወጣት ሐበሻ ልጇን በጋሪ እየገፋች መጣች። እትዬ ዳቦ ላይ ቀብተው አቀመሷት። ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

«ውይ! በጣም ይጣፍጣል። የማነው?»

«የሰሚራ ነው» አሉ እትዬ።

«አይ፣ እኛ ቤት የዘሃራን ነው የለመድነው። ባሌ በፊት እዚያ ሃርልስደን እሳቸው ጋ ይበላ ነበር፤ የሳቸውን እጅ የሚያክል የለም እያለ ሌላ አይነካም። ይቅርታ፣ እማማ።»

ከገላዬ ላይ ፀሐዩ የጠፋ መሰለኝ። «እህቴ፣ እኚህ እኮ...» ብዬ ስጀምር እትዬ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዙኝ። ቃሪያ ሲፈጩ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ደግ አድርጓል ባልሽ» አሏት። «እሷም ብትሰማ ደስ ይላታል።»

ልጅቷ ሄደች። ጋሪውን እየገፋች፣ ያንን የሙስጠፋን ኮምጣጤ ከሱቅ ልትገዛ። ወደ እትዬ ዞሬ «ለምንድነው ዝም የሚያሰኙኝ? እሱ ዋሽቶ ነው ያስፈረመዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በትልቅ ሰው ላይ ስጮህ ያ መጀመሪያዬ ነበር።

«እሱ ዋሽቷል» አሉኝ። «እኔ ግን ቃል የሰጠሁት እየዋሸሁ አይደለም።» የተቀባውን ዳቦ ሳህን ወደሚቀጥለው ሰው ገፋ አደረጉ። 

እንዲሁ ጥቂት ዓመት ሠራን። ለኪራይና ለመብራት ይበቃል፤ ከዚያ አላለፈም። ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ ሲል አዲስ አበባ እህታቸው ጋ ገቡ፣ ካቻምና እዚያው አረፉ። ከመሞታቸው በፊት በስልክ ስንነጋገር አንስቼባቸው ነበር። «ሐላል ብየዋለሁ» አሉኝ። «ይዤው አልሄድም። አንቺም አውፍ በዪው።» እሺ አልኳቸው፤ የሚሞት ሰው እምቢ አይባልም። ግን አላልኩትም።

የእሳቸው በደል የእሳቸው ነው፣ እንደፈለጉ ያደርጉታል። እኔ የያዝኩት ሌላ ነው። በዚያች ሴት ፊት ስማቸውን ውጠው የዳቦውን ሳህን ሲገፉ ያየሁት እኔ ነኝ። ቁጣ ልብሽን ይበላዋል ይሉኛል። እንጃ፣ የኔን ልብ ሥራ ነው ያሠራው። ዛሬ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ። አንድ ሐበሻ ወረቀት ሊፈርም ሲመጣ፣ ምን እንደሚፈርም በራሱ አፍ፣ በራሱ ቃል እስኪነግረኝ ድረስ ብዕር አላስይዘውም። ይቸኩላሉ፣ ይነጫነጩብኛል። ይነጫነጩ።

ሙስጠፋ አለ። ሐጂ ሆኗል፣ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ለመስጊድ የሚያዋጣው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰውም ቦታ ይለቅለታል። ባለፈው ረመዳን ዌምብሊ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለፍጥር ተሰብስበን ነበር። ከፊት ለፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሰመችኝ፣ «አርጅቷል፣ ተይው» ለማለት። አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው የቴምሩን ሳህን አንስቶ ወደ እኔ ዘረጋ። እጁ ቀጥኗል፣ ደም ሥሩ ይታያል።

«ሰሚራ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁንም ነው?»

«አሁንም ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

አዛን ተባለ። እሱ ሳህኑን እንደዘረጋ ቀረ። እኔ ከራሴ ብርጭቆ ውኃ ተጎነጨሁና በዚያ አፈጠርኩ።